ስኑፒ ከነጺሙ

ዛሬ ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ መንገድ ዳር ከዘረጋ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የቻርልስ ሹልዝን «ፒናትስ»! በየቀኑ ጋዜጣ ላይ ይወጡ የነበሩት አጫጭር የካርቱን ታሪኮች ተሰብስበው፣ የሁለት ዓመቱ በአንድ ጥራዝ። የእኔው እ.ኤ.አ. የ1955 እና የ1956 ነው። ሰውዬው ከ1950 እስከ 2000 ድረስ ስሏል። ሁሉንም ልሰብስብ ካልኩ ደሞዜ አለቀለት።

ሻጩ «የልጆች ነው» ብሎ በርካሽ ለቀቀልኝ። (እኔም ጭጭ!)

ቤት ገብቼ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስገልጥ፣ አንዱ ልጅ በካርቱኑ ውስጥ ላለው ውሻ፣ ለስኑፒ፣ በቀይ እስክሪብቶ ጺም አብቅሎለታል። በሸቅኩ። በላጲስ ሞከርኩ፣ ወረቀቱ ሊቀደድብኝ ሆነ። እማዬ ቡና እየቀዳች አየችና «ተወው፣ ከነጺሙ ያምራል» አለች።

ተውኩት።