ማኒካራን ላይ ሰው የሚጥለው የትኛው ውኃ ነው?

ማታ ከዴልሂ የተነሣ የተሳላሚዎች አውቶቡስ በማግስቱ ረፋድ ላይ ፍል ውኃ ወዳለባት የሰሜን ሕንድ መሳለሚያ ወደ ማኒካራን ገባ። ቡድኑን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ዋና አስጎብኚና አንዲት ረዳት። ዋናው የማረፊያ ክፍል ሊያስይዝ ሲሄድ ረዳቷን «አንቺ ከሚፈላው ገንዳ ዳር ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ልጆች እንዳይጠጉ» ብሎ አቆማት። ብዙም ሳይቆይ ከወንዶቹ መታጠቢያ ጩኸት ተሰማ። ስልሳውን የተሻገሩ አንድ ተሳላሚ ከገንዳው ወጥተው ፎጣቸውን ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ረዳቷ ሮጣ በሩ ላይ ደረሰች፤ መታጠቢያው የወንዶች ነውና እዚያው ቆማ ቀረች።

ሰዎች ደግፈው ሊያስቀምጧቸው ሲታገሉ የደረሰው ሴዋዳር ነበር፤ የሲክ ሃይማኖት ቤተ ጸሎት በሆነው ጉርድዋራ በነጻ ከሚያገለግሉት አንዱ። «ባባ ጂ፣ ይተኙ፣ አይነሡ» እያለ በጀርባቸው አስተኛቸው፤ እግራቸውን በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ከፍ አደረገ፤ እንፋሎቱ እንዲወጣም በሩን በርግዶ ከፈተው። ወዲያው ዐይናቸውን ገለጡ። ውኃ ላቅርብ ያለውንም ሰው «ስማቸውን ሲናገሩ ትሰጣለህ» ብሎ መለሰው። ልክ ነው፤ ራሱን በቅጡ ያላወቀ ሰው የጠጣው ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል።

ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «ከፍታው ነው» አለ። አይደለም። ማኒካራን ከባሕር ጠለል በላይ 1,760 ሜትር ገደማ ናት፤ ባሕር ዳርም ከዚህ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ጤነኛ ሰው አየር አጥሮት አይወድቅም። ሰውየውን የጣላቸው ሙቀቱና ጥማቱ ነው። ከዴልሂ እስከዚያ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተሳፋሪው መጸዳጃ ፍለጋ እንዳይቸገር ሌሊቱን ሙሉ ውኃ አይጠጣም። ደርቆ ሙቅ ገንዳ ይገባል። ሙቀቱ የቆዳ ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ገንዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ውኃው ገላውን ደግፎ ስለሚይዝ ምንም አይታወቀውም። ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ግፊቱ ያሽቆለቁላል፣ ጭንቅላት ባዶ ይቀራል። የደም ግፊት መድኃኒት በጠዋት የዋጠ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እኚህ ሰው ውጠዋል።

«በልታችሁ ታጠቡ» ብሎ መገላገል ግን አይቻልም። ማኒካራን በሂማቻል ፕራዴሽ ግዛት፣ በፓርቫቲ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ናት። ሂንዱዎች የአምላካቸው የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ የጆሮ ጌጧ ውኃ ውስጥ ወድቆባት፣ ሺቫ ሲቆጣ ሼሽናግ የተባለው እባብ እፍ ብሎ ዕንቁውን ከሚፈላው ውኃ ጋር አወጣው ይላሉ። ሲኮች ደግሞ የሃይማኖታቸው መሥራች ጉሩ ናናክና የጉዞ ጓደኛው ማርዳና እዚህ መጥተው፣ ማብሰያ እሳት ቢያጡ ከድንጋይ ሥር ፍል ውኃ ተገኘ፣ የሰጠመውም ቂጣ ከጸሎት በኋላ ተንሳፈፈ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ለሁለቱም ውኃው የመጡበት ጉዳይ ነው። በተለይ ከሂንዱዎቹ ብዙዎቹ ታጥበው ቤተ መቅደስ ሳይሳለሙ እህል አይቀምሱም። ባዶ ሆዱን ጠበል የሚጠመቅ ሰው ያየ አንባቢ ይህ አይገርመውም።

የሚያዋጣው በእምነታቸው ሳይገቡ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። አውቶቡሱ ቡንታር ከተማ ላይ፣ ማለትም ከማኒካራን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ይቁምና ሁሉም መጸዳጃ ይሂድ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ውኃ ቀስ እያለ ይጠጣ። ጾመኛም ቢሆን አብዛኛው ውኃ አይከለክልም፤ የሚከለክል ካለ መታጠቡን ወደ ከሰዓት ማዛወር ይሻላል። ከደረሱ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዕረፍት። ገንዳ ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲወጡ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ መቀመጥ፣ እግርን ውኃው ውስጥ ትቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ መነሣት። የግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበትንና ነፍሰ ጡርን አውቶቡስ ውስጥ ሳሉ ለብቻ ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ገንዳ ዳር ሲጠየቁ ሁሉም «ደኅና ነኝ» ነው የሚሉት። የወንድና የሴት መታጠቢያ የተለያየ ስለሆነ ከረዳቶቹ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ይሁኑ፤ ሁለቱም ቦታቸው መታጠቢያው ነው።

የሚፈላው ገንዳ ጠባቂ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ምንጩ በዚያ ከፍታ ውኃ ወደሚፈላበት ወደ 94 ዲግሪ ይጠጋል፤ የላንጋሩ፣ የነጻው ማዕድ፣ ሩዝና ምስር የሚበስለውም በዚሁ ሙቀት ነው። ግን ሲንተከተክ እያየ እጁን የሚከት አዋቂ የለም። እዚያ የሚበላሸው ሩዙ ነው። ተሳላሚው በስስ ከረጢት ሩዝ ይዞ፣ በረጅም ገመድ አስሮ ያወርዳል፤ ብዙዎች ከረጢቱን ጢም አድርገው ይሞሉታል። ሩዝ ሲበስል ሦስት እጥፍ ያህል ያብጣል፤ መላወሻ ካጣ ዳር ዳሩ ይላቁጥና መሀሉ ጥሬ ይቀራል። ሲሶውን ብቻ መሙላት፣ ቋጠሮውን አፉ ጫፍ ላይ ማድረግ፣ ቀድሞ የተዘፈዘፈ ከሆነ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ማየት። ሽምብራ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ ባይሞክሩት ይሻላል። ከረጢቱ ሲወጣ የሚንጠባጠበው ውኃ እግር ያቃጥላል፤ ጫማ የተወለቀበት ቦታ መሆኑ አይረሳ።

ጉርድዋራው ውስጥ ራስ ይሸፈናል፣ እግር ይታጠባል፤ ሲጋራና መጠጥ ኪስ ውስጥም ቢሆን ይዞ መግባት ነውር ነው። ላንጋር ላይ ቂጣ በሁለት እጅ ይቀበሏል፤ የወሰዱትን መጨረስ ግድ ነው።

የክረምቱን ነገር ግን ቀለል አድርጎ የሚያወራ አስጎብኚ አይታመንም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ተራራውን ያላላል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ከላይ የተናደ ቋጥኝ የጉርድዋራውን ሕንፃ መትቶ ሰው ገድሏል። የቻለ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ወይም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይሂድ። ራሱን የሳተ ሰው በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልነቃ፣ ወይም ደረቱን ከያዘው፣ ወደ ኩሉ ከተማ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ጠመዝማዛና ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሰው እየታጠበ ሳለ ሾፌሩ እንቅልፍ ላይ ቢሆንም ቁልፉ የት እንዳለ ከረዳቶቹ አንዱ ይወቅ፤ ትልቁ አውቶቡስ በሌሎች መኪኖች ከተዘጋም የሚያደርስ ታክሲ ቀድሞ ይታይ።