ቪቱ ማገሩን ያላገኘበት ጣሪያ

ነፋሱ ባለፈ ማግስት ተጠራን። ሌላ ቡድን በአንድ መጋዘን ጣሪያ ላይ የተከላቸው የሶላር ፓነሎች ተነቅለው ግቢው ውስጥ ወድቀዋል፤ ምክንያቱን መርምረን ሪፖርት እንድናቀርብ ነበር የተፈለገው። ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅሁት ሰው ተጎድቶ እንደሆነ ነው። ደግነቱ ግቢው ባዶ ነበር።

የወደቀው በጣሪያው ጠርዝ በኩል ያለው ረድፍ ብቻ ነው። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከመካከሉ ይልቅ በጠርዝና በማዕዘን ስለሚበረታ፣ ይህ አላስገረመኝም። ያስደነገጠኝ ወጥቼ ቀዳዳዎቹን ሳይ ነው። ቆርቆሮው በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ተቀዷል፤ ከሥሩ ማገር የለም። ከማገር ጋር በተገናኙት ጥቂት ቦታዎች ግን ቪቱ ከነጎማ ሮንዴላው እንደተተከለ ነው። እዚያ የተሸነፈው ፓነሎቹ የሚታሰሩበት የአሉሚኒየም ሐዲድ ነው፤ ተጣሞ ተገንጥሏል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጣሪያው ጭነቱን እንደሚችል የተረጋገጠበትን ወረቀት አሳዩኝ። ስሌቱ ስህተት አልነበረበትም። ፓነል ከነድጋፉ በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም፤ ደኅና ጣሪያ ይህን ይሸከማል። ነገር ግን የተሰላው ወደ ታች የሚጫነው ብቻ ነው። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር ወደ 55 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግፊት አለው፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ፓነል ራሱ ግን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው። በክብደቱ ብቻ ነፋስን አይቋቋምም፤ የሚይዘው ብሎኑ፣ ሐዲዱ፣ ከሁሉም በላይ ማገሩ ነው።

ከተከሉት ልጆች አንዱ ሊያግዘን መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ቪቱ ሲገባ እኮ ጠብቆ ነበር» አለኝ። ልጁ የሚለው እውነት ነው። ስለዚህ ቁራጭ ቆርቆሮ ሰጥቼው በትራፓኖ እንዲመታ አደረግሁት። ቪቱ ወዲያው ገባ፣ ጎማው ተጫነና የጠበቀ መሰለ፤ ትንሽ ሲጨምርበት ግን ባዶውን ዞረ። ቀጥሎ በብረት ማገር ላይ መታ። እዚህ ትራፓኖው ጊዜ ወሰደበት፣ የብረት ፍቅፋቂ ወጣ፣ ቪቱም በኃይል ነከሰ። እጁ ልዩነቱን ሲያውቀው ከፊቱ አነበብሁ።

ማገሩን ማግኘት ደግሞ ከባድ አይደለም። ቆርቆሮው ራሱ የተመታባቸው ቪቶች መስመር ማገሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳያል፤ በዚያ ላይ ገመድ ወጥሮ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ቡድኑ ግን ድጋፎቹን የተከለው ለፓነሎቹ አቀማመጥ በተመቸው ቦታ ነው። የማገሩ ርቀት ካልተስማማ መቀየር ያለበት የሐዲዱ አቅጣጫ ነው። ፓነሉን ከሐዲዱ ጋር የሚያያዙት ክላምፖችም ፋብሪካው ከወሰነው ቦታ ወጥተው አገኘናቸው፤ ይህንንም በሪፖርቱ አሰፈርን።

ኃላፊው የወደቀውን ረድፍ ብቻ መልሰን እንድንተክል ጠየቁ። አልተስማማሁም፤ ያልወደቁትም በዚያው ቆርቆሮ ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁሉም ወርዶ፣ እያንዳንዱ ድጋፍ ማገር ላይ እንዲያርፍ፣ በጠርዙ በኩልም የድጋፎቹ ርቀት እንዲጠብ ተደርጎ እንደገና ተተከለ።