ስለ አገሬ ስከራከር «ካርድ አለህ?» ያሉኝ ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ክርክር ቡድን አባል ነበርኩ። ያኔ እንደ አሁኑ ሁሉን ነገር ላፕቶፕ ውስጥ ከቶ መምጣት የለም። ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ፎቶኮፒ እናደርጋለን፣ በመቀስ ቆርጠን ወረቀት ላይ እንለጥፋለን፣ ያቺን ለማስረጃ የምናነባትን ቁራጭ «ካርድ» እንላታለን። ከዚያ በትልልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ሞልተን በጋሪ እየገፋን ከውድድር ውድድር መዞር ነው። ወገባችን የተቀጨው ያኔ ነው!

በፖሊሲ ክርክር አንድ ርዕስ ዓመቱን ሙሉ ይከረከራል። የዚያ ዓመቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአሜሪካ መንግሥት ለአፍሪካ ቀንድ የሚሰጠውን የልማት ዕርዳታ በእጅጉ ይጨምር የሚል። አገር ምድሩ ስለ እኛ ሰፈር ሲያወራ ከረመ።

ወገን መምረጥ የለም። አንዱን ዙር ደጋፊ ሆኜ ስለ ኦጋዴን ድርቅ አንጀት እበላለሁ፤ በሚቀጥለው ተቃዋሚ ሆኜ ዕርዳታው ገበሬውን ጥገኛ ያደርገዋል፣ ለጦርነትም ይውላል እላለሁ። የአልጀርሱ ስምምነት ዲሴምበር ላይ ሲፈረም ደግሞ ስለ ባድመ የሰበሰብነው ካርድ ግማሹ በአንድ ጊዜ አረጀ።

ፍጥነቱን ያላየ አያምንም። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሉ በወግ በወጉ ነበር፣ እነዚህ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ እየሰረቁ ያነባሉ፣ ምክንያቱም ያልመለስከው ነጥብ እንዳመንክ ይቆጠርብሃል። ከጎዴ ድርቅ ተነስቶ መዘዝ በመዘዝ እየቀጠለ በአራተኛው ካርድ የኑክሌር ጦርነት የሚደርስ ሞልቷል።

አንዴ ተከራካሪዎች እርስ በርስ በሚጠያየቁበት ሰዓት ተጋጣሚዬን «እኔ ወሎ ነው ያደግኩት፣ የዕርዳታ ስንዴ እንዴት እንደሚከፋፈል በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንተ እንደምትለው አይደለም» አልኩት። ልጁ ምንም ሳይደናገጥ «ካርድ አለህ?» አለኝ። ዳኛውም እሱን አየና ልክ ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። እንዴት እንደተናደድኩ! ግን ሕጉ ልክ ነው። የዚያ አገር ልጅ ስለሆንኩ ብቻ ቃሌ ከታመነ፣ ነገ ብዋሽም ሊታመን ነው።

ቅዳሜ ማታ ዋሽንግተን፣ አዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና ላይ የአበሻ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ክርክሩ ያው ነው፤ ባድመ፣ ድርቅ፣ ዕርዳታ። እዚያ ግን ካርድ የሚጠይቅህ የለም፣ የሚጠይቁህ የየት አገር ልጅ እንደሆንክ ነው። እሱን ከመለስክ በኋላ የምትለውን አስቀድመው ያውቁታል።

በቀጣዩ ዓመት ርዕሱ ወደ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጉዳይ ዞረ። ሳጥኑ ስለተፈለገ የቀንዱ ወረቀት ይጣል ተባለ። እኔ የባድመውን ፎልደር አስቀረሁና ይዤው ወደዚያው ቤት ሄድኩ። ማንም ቁጭ ብሎ አላነበበውም። አንዱ ብቻ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይሄን የጻፈው ሰውዬ የየት ነው?» አለኝ።