የሱፍ ፋብሪካ ባለቤትን ዘር ስቆጥር፦ በሴት ልጁ በኩል የሄደው ታሪክ

ቶማስ ኬይ እንግሊዛዊ ሸማኔ ነበር። ዮርክሻየር ተወልዶ፣ በ1863 በፓናማ በኩል አቋርጦ አሜሪካ ውስጥ ኦሪገን የምትባል ግዛት ገባ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብራውንስቪል በምትባል ከተማ በሱፍ ፋብሪካ ሠራ፤ በ1889 ደግሞ ሴለም በምትባል የኦሪገን ከተማ የራሱን ከፈተ። ፋብሪካው ዛሬ ሙዚየም ነው። እኔ የምኖረው ኦሪገን ስለሆነ ሄጄ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የዚህን ቤተሰብ ነገር መተው አልቻልኩም።

ያደግኩት መንዝ ነው። እኛ ዘንድ የበግ ጠጉር ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፣ ባና ይሆናል። ስለዚህ ማሽኖቹ አልከበዱኝም። ጠጉሩ ይለያል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ሴለም ላይ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው በቦይ የሚመጣ ውሃ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ሙያ ከአባት ወደ ማን አለፈ?

የጀመርኩት ከሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ነው። የአሜሪካ ቆጠራ ከ1850 ጀምሮ ነፃ የሆነውን የቤተሰብ አባል ሁሉ በስም ይመዘግባል። ከ1880 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ ይጽፋል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ አማች እያለ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ችግሩ የ1890ው መዝገብ አብዛኛው በእሳት መጥፋቱ ነው። ለእኔ ደግሞ ይህ ፋብሪካው በተከፈተ ማግስት ያለው ዓመት ነው። ያንን ክፍተት የሞላሁት በአሮጌ ጋዜጦች ነው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የድሮ የግዛቱን ጋዜጦች ኦንላይን በነፃ አስቀምጧል። በ1895 ፋብሪካው ተቃጠለ። የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጣ፤ በ1896 በጡብ እንደገና ተሠራ። ዛሬ ቆሞ የሚታየው ያ ሕንፃ ነው። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ የከተማው ሕዝብ መዋጮ ጭምር እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ቶማስ ኬይ በ1900 ሞተ። ልጁ ቶማስ ቢ. ኬይ ቦታውን ያዘ። እሱ በኋላ የኦሪገን ግዛት ገንዘብ ያዥ ሆኖ የተመረጠ ሰው ነው፤ ስለዚህ በጋዜጣ ስሙ አይጠፋም። አባትና ልጅ አንድ ስም ሲይዙ ግን ተጠንቀቁ። ከ1900 በኋላ «ቶማስ ኬይ» የሚል ካያችሁ አባትየውን ከመዝገባችሁ አውጡት።

ከባዱ ሴት ልጁን ፋኒን መከተል ነበር። እኛ አገር ሴት ልጅ አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ ዘር ስንቆጥር በእናት በኩልም መንገዱ አይዘጋም። እዚህ ግን በዚያ ዘመን በሠርጓ ቀን ስሟ ይቀየር ነበር። የዚያ ዘመን ጋዜጦች ደግሞ ባለትዳር ሴትን በራሷ ስም ሳይሆን «ሚስስ» ብለው በባሏ ስም ይጠሩ ነበር። ፋኒ በ1876 ቻርልስ ቢሾፕ የሚባል ነጋዴ አገባች። ፋኒ ኬይ ብዬ ብፈልጋት ኖሮ እዚያው ላይ በቆመች። በባሏ ስምና በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ስፈልግ ነው መንገዱ የተከፈተው።

እና የተከፈተው መንገድ ቀላል አልነበረም። ፋኒ ሙያውን ከአባቷ ተምራ ፋብሪካውን በማስተዳደር ታግዘው ነበር። ባሏ የልብስ ንግድ ያውቃል። ልጆቻቸው ክላረንስ፣ ሮይና ቾንሲ ከሁለቱም ወገን ወረሱ። ፔንድልተን ከተማ ውስጥ ሥራ ያቆመ የሱፍ ፋብሪካ ነበር፤ የቀይ ሕንዶች የሚለብሱትን ባለ ጥለት ብርድ ልብስ ይሠራ የነበረ። ከተማው በቦንድ አግዟቸው በ1909 ቢሾፖች ሥራ አስጀመሩት። በ1912 ዋሹጋል በምትባል ከተማ ሁለተኛ ፋብሪካ ያዙ። ዛሬ ፔንድልተን የሚባለው የሱፍ ኩባንያ ማለት ይኸው ነው። የኬይን ስም የያዘው የሴለሙ ፋብሪካ በ1962 ተዘጋ፤ የልጅቷ ወገን ግን እስከ ዛሬ ይሸምናል። በወንድ ስም ብቻ ሐረግ የሚስል ሰው ታሪኩን 1962 ላይ ይጨርሰዋል። እንዴት ያለ ጉድለት ነው!

የራሳችሁን ቤተሰብም ሆነ የሌላ ሰው ታሪክ ለምትፈልጉ፣ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። እያንዳንዱን ቀን ከየት እንዳገኛችሁት በዚያው ሰዓት አጠገቡ ጻፉ። ኩባንያ ስለራሱ የሚነግረው ታሪክ አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ ከጋዜጣና ከቆጠራ መዝገብ ጋር አስተያዩት። የመቃብር ድንጋይም እዩ፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀበረ ብዙ ይናገራል።

አሁን የያዝኩት ሠራተኞቹን ነው። የ1900ው ቆጠራ የሥራ ዓምድ አለው። የሴለምን ገጾች እየገለጥኩ፣ በሱፍ ፋብሪካ የሚሠራ ተብሎ የተጻፈውን ሰው ሁሉ ከትውልድ አገሩና ከዕድሜው ጋር እገለብጣለሁ። ፈታዮቹንና ሸማኔዎቹን በስማቸው አስቀድሜ ነው የምጽፈው።