የኢኒግማን ፍንጭ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ፤ እስካሁን የደረስኩበት

ወራት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ምዕራፍ በመጨረሻ መልክ ያዘ። ልብ ወለዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በእንግሊዙ ብሌችሌይ ፓርክ የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ይፈቱ በነበሩ ሴቶች መካከል ስለሚፈጸም ግድያ ነው። ንባቡን፣ ካርታውን፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም አወጣጥ ልዝለለው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ነው።

የቸገረኝ ፍንጩ ነበር። መርማሪዋ የምታየውን አንባቢም ማየት አለበት ባይ ነኝ። ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ ቆይታ «አገኘሁት!» ብላ ብድግ የምትል ጀግና አልወድም። ታዲያ ጠላት መልእክቱን ይመሰጥርበት የነበረው ማሽን፣ ኢኒግማ፣ የሚሠራው በ26 የላቲን ፊደላት ነው፤ የእኛ ገበታ ደግሞ ከ200 በላይ ሆሄያት አሉት። ለአማርኛ አንባቢ እንዴት ላሳየው?

መውጫውን የሰጠኝ የማሽኑ ድክመት ነው፤ ኢኒግማ አንድን ፊደል መልሶ በዚያው በራሱ አይተካም። በብሌችሌይ ፓርክ ትሠራ የነበረችው ማቪስ ሌቨር አንድ የተመሰጠረ የጣሊያን መልእክት ስትመረምር «ኤል» የሚባለው ፊደል አንድም ቦታ እንደሌለ አስተዋለች። ለማስመሰል ብቻ መልእክት ላክ የተባለው ሰው ያንኑ ቁልፍ ሲጫን ውሎ ኖሯል! በመጋቢት 1941 እ.ኤ.አ. የእነ ማቪስ ቡድን የፈታቸው መልእክቶች የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በግሪክ ደቡብ ባለው በማታፓን ርእሰ ምድር አጠገብ ጣሊያንን ድል እንዲያደርግ ረድተዋል።

ስለዚህ ከገበታው 26 የግዕዝ ሆሄያትን ብቻ፣ ማለትም ሀ፣ ለ፣ መ እያልኩ፣ መረጥኩና ሁለት የወረቀት ቁራጮች አዘጋጀሁ። በአንዱ ላይ የተመሰጠረው ተጽፏል፦ ሰ ከ መ ለ በ ተ። በሌላው ላይ ከመመስጠሩ በፊት በመልእክቱ ውስጥ ነበር ተብሎ የተገመተው ቃል፦ ሰ ለ መ። ግምቱን ከታች አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አንሸራትቱት። መጀመሪያው ቦታ ላይ ሰ ከሰ፣ መ ከመ ጋር ይገጥማል፤ ማሽኑ ፊደልን በራሱ ስለማይተካ ይህ አይሆንም። ሁለተኛው ያስኬዳል። ሦስተኛው ላይ ለ ከለ ጋር ይጋጫል። አራተኛው ያስኬዳል። ከአራቱ ሁለቱ ወደቁ ማለት ነው።

ወንጀሉም የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። አንዷ ተጠርጣሪ «ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን መጀመሪያው ቦታ ላይ አድርጌ ስሠራ ነበር» ትላለች። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያንን ቦታ ገና ሲያየው ይጥለዋል። አንባቢዬ ወረቀት ቆርጦ ቢያንሸራትት ውሸቷን ከመርማሪዋ ቀድሞ ይይዛል።

የኢኒግማን አሠራር የሚያስመስሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ፤ ለጸሐፊ አልመክርም። መልሱን ያቀብላሉ እንጂ ሠራተኛዋ የት ላይ እንደደከመች አያሳዩም። በአንድ ሊቅ ሴት ትከሻ ላይ ሁሉን መጫንንም ተዉት። በጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ በብሌችሌይ ፓርክ ከሚሠሩት ወደ 10,000 ከሚጠጉ ሰዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ካርድ ትጽፋለች፣ አንዷ ማሽን ታንቀሳቅሳለች፣ የጎረቤት ክፍል ምን እንደሚሠራ ግን አይነገራትም። ለወንጀል ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? መርማሪዋ «ትናንት ማታ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብላ ብትጠይቅ፣ ንጹሕ ብትሆንም ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመች ናትና አትመልስላትም።

ገዳዩን አስቀድማችሁ ምረጡ ይባላል። ምክሩ ሳይሻል አይቀርም፤ እኔ ግን ያቺ ውሸታም ገዳይዋ ትሁን ወይስ ሌላ የምትሸፍነው ሰው ይኑራት፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።