ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የእኛ ብሎክ ተራ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይደርሳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ ስለሚደክም በርሜሉ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መብራቴ በርቶ የሚያዩ ጎረቤቶች ውሃ እየቀዳ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እቀዳለሁ። ግን እጄ ላይ ስልክ አለ፤ ስልኩ ላይ ደግሞ አንድ አሮጌ ፖስታ እየተሸጠ ነው።

የምሰበስበው ፖስታ ነው። ተልጦ የወጣ ቴምብር አይደለም፤ አድራሻው፣ ቴምብሩና ማኅተሙ ያለበት ሙሉው ፖስታ። በተለይ የድሬዳዋ ማኅተም የተመታበት። እዚያ ነው የተወለድኩት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ሳያልፍ በቆየባቸው ዓመታት ከመሀል አገር የመጣ ደብዳቤ እዚያ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር። ያ ክብ ማኅተም፣ የከተማዬ ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ የተቀረጸበት፣ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ያላውሰዋል።

ታዲያ እነዚህ ፖስታዎች እዚህ አይገኙም። ደብዳቤው የተላከው ወደ ውጭ ነዋ! ፖስታው የቀረው ተቀባዩ ቤት ነው፤ ማርሴይ፣ ፓሪስ፣ ለንደን። የልጅ ልጆች የአያት ሣጥን ሲከፍቱ ያገኙትና ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ያወጡታል። ስሙንም እንደየቋንቋቸው ይጽፉታል። አንዱ “አቢሲኒያ” ይላል፣ ሌላው በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ ኢትዮጵያ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ፊደሉን ያዛባዋል። ልምድ ያለው ሰብሳቢ የተዛባውንም ጭምር ይፈልጋል። ሌላ ሰው ያላየው ፖስታ የሚገኘው እዚያ ነው።

የአሜሪካ ሻጮች ጨረታውን እሁድ ምሽት መዝጋት ይወዳሉ፤ ገዢው ሁሉ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት ነው። በካሊፎርኒያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በእነሱ ክረምት 11 ይሆናል። ሰዓታቸውን መጋቢት መግቢያ ላይ ወደፊት፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደኋላ ያዞራሉ። አንድ መጋቢት ይህን ዘንግቼ አላርሜን እንደለመድኩት ለ10፡50 ሞላሁ። ስነሳ ጨረታው ከተዘጋ 50 ደቂቃ ሆኖታል። ፖስታው በ14 ዶላር ሄዷል። እኔ 35 ልሰጥበት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አካውንቱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የታላቅ እህቴ ነው። እኔ እጫረታለሁ፣ እሷ በካርዷ ትከፍላለች፣ ዕቃው ሰው እስኪመጣ እሷ ጋ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ፣ “አንተ ልጅ፣ ለባዶ ፖስታ 40 ዶላር?” ብላ ጮኸችብኝ። አሁን እሷም በመነጽር ታያቸዋለች። “ይሄኛው ላይ የተጻፈው እጅ ጽሑፍ የአባባን አይመስልም?” ብላ ፎቶ ላከችልኝ አንድ ቀን። አይመስልም ነበር። ግን ገባኝ።

እኛ አገር ጨረታ ሲባል የለመድነው በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው። ሲፒኦ ታሠራለህ፣ ዋጋህን ጽፈህ ታሽጋለህ፣ ካሸነፍክ የጻፍከውን ትከፍላለህ። ስለዚህ ሁሉም የልቡን አይጽፍም፤ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል። ኢቤይ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ 40 ዶላር ብጽፍ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ጣሪያው 30 ቢሆን፣ የምከፍለው 31 ነው። የተሸናፊውን ዋጋና አንድ እርከን ብቻ። 40 ብዬ መጻፌን ማንም አያይም።

ይህን ስሌት በምሁራን ዘንድ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ዊልያም ቪክሪ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው። በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው በተሰማ በሦስተኛው ቀን አረፈ። እኔን የሚያኮራኝ ግን ሌላ ነው። ከእሱ በፊት፣ ገና በ1893፣ አሜሪካ ውስጥ የቴምብር ነጋዴዎች በደብዳቤ በሚካሄድ ጨረታ አሸናፊውን የሁለተኛውን ዋጋ ያስከፍሉ ነበር። የእኛ ሰዎች ናቸው! ቴምብር ሰብሳቢዎች!

ከስሌቱ ተነሥተህ ስታስበው፣ የልብህን ዋጋ አንድ ጊዜ ጽፈህ መተኛት በቂ ነበር። ማንም ግን አይተኛም። ቆንጣሪዎች አሉ፤ 50 ሳንቲም፣ እንደገና 50 ሳንቲም እየጨመሩ የሰውን ጣሪያ የሚነካኩ። አንድ ሰው በአንድ ምሽት 11 ጊዜ ሲቆነጥር አይቻለሁ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያው ነበርኩ። በቆነጠርክ ቁጥር ፖስታው ያንተ የሆነ ይመስልሃል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ሲያልፍህ የተቀማህ ያህል ያናድድሃል። በንዴት የተጻፈ ዋጋ ደግሞ ዋጋ አይደለም።

ከእነሱ በተቃራኒ የመጨረሻ ሰከንድ ሰዎች አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ይላሉ። ስድስት ሰከንድ ሲቀር ይመጣሉ። አልቪን ሮዝና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ኢቤይንና ያኔ አማዞን ላይ የነበረውን ጨረታ አነጻጽረዋል። አማዞን ላይ መዝጊያው ሲቃረብ ዋጋ ከገባ ሰዓቱ ይራዘም ነበር፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚሮጠው ሰው ትንሽ ነበር። ኢቤይ ላይ ግን ብዙ፣ ከኮምፒዩተር ይልቅ ደግሞ በቅርሳ ቅርስ ላይ ይበዛል። ምክንያቱ ይገባኛል። የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ዋጋ ከሰጠ እውቀቱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። ሌሎች “እሱ ከፈለገውማ አንድ ነገር አለው” ብለው ይከተሉታል።

እኔም ተከትዬ ተጎድቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡት ሰባቱ ናቸው፤ ፓሪስ የታተሙ፣ ዳግማዊ ምኒልክና አንበሳው ያሉባቸው። ያልተሠራባቸው ርካሽ ናቸው። በእውነት ደብዳቤ ላይ ተለጥፈው የተጓዙት ናቸው ብርቅ። አንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ፖስታ ወጣ። ሁለት ሰዎች ሲጫረቱበት አይቼ ያውቃሉ ብዬ ገባሁ። 64 ዶላር። በእጄ ሲገባ መስኮት ዳር ወስጄ አየሁት። ቴምብሩ ላይ ያለው የማኅተም ግማሽ ክብ ወደ ወረቀቱ ሲሻገር አይገጥምም። ሁለት የተለያዩ ክቦች ናቸው። ፈረንሳይ የተላከ ነው ተብሎ ደግሞ የጅቡቲ ቴምብር የለበትም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የፖስታ ኅብረት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1908 ስለሆነ ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ሌሊት ስለሆነ፣ ሌሎች ስለተጫረቱ፣ ዓይኔ አላየውም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሬን የምቆርጠው እሁድ በቀን ነው፤ ቡና ሲፈላ። የጀርባውን ፎቶ ከሻጩ እጠይቃለሁ፣ ማኅተሙን አጉልቼ አያለሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሌሊት የማደርገው ያንን ቁጥር ወደ ስልኩ መገልበጥ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ሲቀር አስገባዋለሁ። ስድስት ሰከንድ እስኪቀር መጠበቅ እዚህ አይሆንም፤ ኔትወርኩ ካመለጠኝ አለቀ። ካስገባሁ በኋላ መብራት ቢጠፋም ቁጥሬ በእኔ ፈንታ ይጫረታል።

ቁጥሬን ደፍኜ አልጽፍም። 36 ሳይሆን 36.40። ብዙ ሰው ደፍኖ ስለሚጽፍ ትንሿ ሳንቲም አንዳንዴ ታሸንፋለች፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የጻፈው ይወስዳል።

በዚህች ሳንቲም ነው አንድ ሰው ያወቅኩት። ስሙ በኮከብ ተሸፍኗል፤ አገሩን አላውቅም። ግን ጨረታ ሲዘጋ የተሸናፊዎች ቁጥር ይታያል፣ የእሱ ሁልጊዜ በ13 ሳንቲም ያልቃል። 22.13። 57.13። የድሬዳዋ ማኅተም በወጣ ቁጥር አለ። አራት ዓመት ተፎካክረናል። የሚያስፈልገውን የሚያውቅ፣ ርካሽ ሐሰተኛ ነገር ላይ የማይወድቅ ሰው ነው። እሱ ያልነካውን ፖስታ ሁለት ጊዜ አየዋለሁ።

ዘንድሮ ከጥር ጀምሮ ጠፋ። የካቲት ላይ አንድ ጥሩ ፖስታ በ12.50 ዶላር ወሰድኩ፤ የዋጋው ግማሽ አይሆንም። በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ደስታው አልሞላልኝም። ታሞ ይሆን? እንደ እኔ አባት ሽማግሌ ይሁን ወጣት እንኳ አላውቅም።

ባለፈው ለሰኞ አጥቢያ ሌላ የድሬዳዋ ፖስታ ወጣ። 36.40 ጻፍኩ። ሊዘጋ ሲል ሦስተኛ ሰው መጥቶ በ42.13 ወሰደው። የተሸናፊዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ። የእኔ ከታች። ከእኔ በላይ፣ 41.13።

“እሰይ!” አልኩ ጮክ ብዬ። ልጄ ከመኝታ ቤት፣ “አባ፣ አሸነፍክ?” አለች። ውሃው ከበርሜሉ ተርፎ ወለሉን አርሶታል።