ለደጋ አጋዘን የትኛው አረር?

ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ አደን ወዳዶች ቡና ላይ ሲገናኙ ክርክሩ የሚሞቀው ካሊበር፣ ማለትም የጥይቱ ልክ፣ ላይ ነው፤ አንዱ 300 ዊንቸስተር ማግነም ይላል፣ ሌላው 375። እንስሳው ዘንድ የሚደርሰው ግን አረሩ፣ ከጥይቱ ጫፍ ተወንጭፎ የሚሄደው ክፍል፣ ብቻ ነው፤ ስለ አረሩ አሠራር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አዋቂ ወንድ የደጋ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። አረሩ የትከሻውን አጥንትና ጡንቻ ሰብሮ ሳንባና ልብ ድረስ መዝለቅ አለበት። እርሳሱ በስስ መዳብ ብቻ የተሸፈነው ተራ አረር ርካሽ ነው፣ ዒላማ ላይም አያሳፍርም። ጉዱ የሚወጣው ቅርብ ርቀት ላይ ነው። የ300 ዊንቸስተር ማግነም 180 ግሬን (11.7 ግራም) አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 900 ሜትር ያህል ይበርራል። በዚህ ፍጥነት በ50 ሜትር ላይ አጥንት ሲያገኘው እርሳሱ ከመዳቡ ተላቅቆ ይበታተናል። ቁስሉ ላዩ ሰፍቶ ጥልቀት ያጣል፤ እንስሳው አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሲሰቃይ ይውላል። ይህን የሚያህል በደል የለም።

ስለዚህ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር አረሩ መጠንከር አለበት። አንዱ መፍትሔ እርሳሱና መዳቡ የተበየዱበት አረር ነው። ሌላው ጆን ኖስለር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሠራው ፓርቲሽን ነው፤ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ስላለው የፊቱ ቢፈርስም የኋላው ሳይነካ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ለደጋ አጋዘን ከሁለቱ አንዱን በ180 ግሬን እመርጣለሁ።

እንደ ባርንስ ቲኤስኤክስ ያለው፣ እርሳስ የሌለው ሙሉ የመዳብ አረር ክብደቱን ሳይጥል በጥልቀት ይገባል። ሆኖም መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት አረሩ ይረዝማል፤ የበርሜሉ ጥምዝ (አረሩን የሚያሽከረክረው የውስጥ መስመር) የላላ ከሆነ አረሩ ይንገዋለላል። ለዚህ ከ180 ወደ 165 ግሬን መውረድ ይበቃል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ600 ሜትር በታች ሲወርድም አፉ በደንብ ላይከፈት ይችላል፤ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ በስቶ ያልፋል። ለሩቅ ተኩስ አልመክረውም።

375 በ300 ግሬን ለጎሽ ነው የሚሻለው። ለአጋዘንም ይሠራል፣ ግን ከሸለቆ ማዶ ሲተኮስ ቶሎ ይወድቃል።

አረሩ በየርቀቱ ምን ያህል እንደሚወድቅ የሚያሳየው ከፋብሪካ የሚመጣው ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ይበልጥ ይዞ ይቆያል፤ ሩቅ ላይ ከሠንጠረዡ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። ዝቅተኛ አገር የተስተካከለ የጠመንጃ መነጽር አምኖ ባሌ መውጣት አይገባም።

የአረር ዓይነት መቀየርም መምቻውን ያዛውራል፣ ግሬኑ አንድ ቢሆን እንኳ። በርሜሉ ላይ የቀረውን የቀድሞ መዳብ አጽድቶ፣ ካምፕ እንደደረሱ በዚያው በአደኑ ጥይት ሦስት ጊዜ በ100 ሜትር መተኮስ ያስፈልጋል። በ300 ዊንቸስተር ማግነም ከዒላማው መሐል 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ፣ 200 ሜትር ላይ መሐሉን ያገኛል። ሁሉም ጥይት ሳጥኑ ላይ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ያለው ይሁን።